የኢቲቻ ዋስ

ገብረየስ ባለፈው ዓመት አሸንፎ ነበር። ማሸነፉን ግን የቆጠረለት ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ በአምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ በጎጃም መንገድ ላይ የመኪና እሽቅድምድም ይደረግ ነበር። የሱሉልታ ግራን ፕሪ ይሉታል። ከሱሉልታ ተነሥቶ ጫንጮ ላይ ይዞርና ተመልሶ ሱሉልታ ይገባል። ከአዲስ አበባም ከአስመራም መኪና ይዘው የሚመጡ ነበሩ። ሕዝቡ መንገድ ዳር የሚሰለፈው ግን ሁለት መኪና ለማየት ነው፤ ከሰበታ የገብረየስን ቀይ ፊያት፣ ከቡራዩ የወንዳፍራሽን አረንጓዴ ፔጆ።

ሁለቱ ባለጋራዦች በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አብረው የሠሩ ናቸው። አንድ የጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ቆመው የአንድ መኪና ሆድ ሲፈቱ ውለዋል። ከተለያዩ በኋላ ግን አንዱ የሠራውን ሞተር ሌላው ሲያይ ሳይስቅ አያልፍም።

ባለፈው ዓመት ፔጆው ከጫንጮ ሲመለስ እየመራ ነበር። ድንጋይ የዘይት ቋቱን ቀደደበትና መንገድ ዳር ቆመ። ፊያቱ አልፎት ገባ። ገብረየስ ዋንጫውን ሰበታ አምጥቶ የጋራዡ መስኮት ላይ አስቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ በዚያ የሚያልፉ የቡራዩ ሾፌሮች ጎራ ማለት ጀመሩ።

«ገብሬ፣ የቆመ መኪና መቅደም እንዴት ነው? ያደክማል?»

«ዘንድሮስ የትኛውን ዛፍ ልትቀድሙ አሰባችሁ?»

ገብረየስ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሥራው ይመለሳል። ክረምት ሳይገባ ዋንጫውን ከመስኮቱ አንሥቶ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ሣጥን ውስጥ ከተተው። ሌላ ዋንጫ አላማረውም። የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ያንን አረንጓዴ መኪና እየሮጠ ሳለ መቅደም።

በዚህ ዓመት የውድድሩ ዋዜማ ቅዳሜ ዋለ። መኪኖቹ መንገዱን ይለማመዱ ነበር። ገብረየስ ከሾፌሩ ከዳኜ ጋር ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ኩርባ በላይ፣ ከአንድ የድርቆሽ ክምር ጀርባ ቆመ። ከዚያ ሆኖ ፔጆውን መስማት ይችላል። የወንዳፍራሽ ሰዎችም ጠዋት ፊያቱን እንዲሁ ከባሕር ዛፍ ጀርባ ሲሰልሉት አርፍደዋል፤ ማንም በማንም አያፍርም።

ዳኜ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው፣ ቶሎ የሚግል ልጅ ነው። ጆሮውን ወደ መንገዱ አዘንብሎ፣

«ጋሼ፣ ኩርባዋን በሦስተኛ ማርሽ ነው የሚወስዳት» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም በሦስተኛ ልግባ?»

«አንተ በሁለተኛ ግባ። ፊያት ነው የያዝከው።»

«ካመለጠኝስ?»

«ሜዳው ላይ ትይዘዋለህ።»

ፔጆው እንደገና መጣ። የሚነዳው ኢቲቻ ነው፤ የቡራዩ ልጅ፣ አባቱ ገፈርሳ አጠገብ የሚያርሱ። መኪናው ኩርባውን ታጥፎ ሲወጣ ከግራ በኩል ከብቶች ወደ ወንዝ ሊወርዱ መንገዱን ይሻገሩ ነበር። ኢቲቻ ፍሬን ያዘ። ጎማው ጮኸ። አብዛኞቹ ከብቶች አመለጡ፤ የመጨረሻዋ ቀይ ላም ግን አላመለጠችም።

መኪናው ላሟን መትቶ፣ እየተንሸራተተ ሩቅ ሄዶ ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። ላሟ መንገዱ ላይ ተጋድማ እግሯን ሁለት ጊዜ አንፈራገጠችና ተወች።

መንገድ ዳር ካለ ግቢ፣ ከአጥሩ ውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«በሕግ አምላክ! በጃንሆይ አምላክ!»

መንገዱ ባዶ ነበር። ሴትዮዋ ገና ከግቢዋ አልወጣችም፤ የመኪናውን ጀርባ እንኳ አላየችም። ፊት ለፊቱ የጫንጮ ሜዳ ተዘርግቷል። ኢቲቻ ነዳጁን ቢረግጠው ኖሮ የሚይዘው አልነበረም። ገብረየስ ከድርቆሹ ጀርባ ሆኖ የፔጆውን ድምፅ ጠበቀ። ድምፁ ጠፋ። ኢቲቻ ቁልፉን ነቅሎ ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀና በእግሩ ወደ ላሟ ተመለሰ።

«በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን የሰሚውን እግር ያሥር ነበር። ቢሆንም የማይታሠሩ ሞልተዋል።

ዳኜ ቀስ ብሎ፣ «ይሄዳል ብዬ ነበር» አለ።

ገብረየስ ከክምሩ ጀርባ ወጥቶ ወደ መንገዱ ወረደ።

ላሟ የወይዘሮ ደራርቱ ነች። ወይዘሮ ደራርቱ ባሏ ኦቦ ቀጄላ ከሞተ ወዲህ ወተት ወደ አዲስ አበባ እየላከች፣ የባሏን ወፍጮ እያስፈጨች ቤቷን የያዘች ሴት ነች። የአጥቢያው ዳኛ ኦቦ ባጫ ተጠርተው መጡ። ከግቢዋ በራፍ ካለው ጥድ ሥር በርጩማ ቀረበላቸው። ሰው ተሰበሰበ። ወንዳፍራሽም ከተማ ውስጥ ካረፈበት እየከነፈ ደረሰ።

ነገሩ ክርክር አልነበረውም። ኢቲቻ «እኔ ነኝ የገጨኋት» አለ። ወንዳፍራሽም «ላም በላም እተካለሁ» አለ። ያስቸገረው ጊዜው ነበር።

«ሰኞ የምታለብ ላም ይዤ እመጣለሁ» አለ ወንዳፍራሽ።

«ሰኞ?» አለች ወይዘሮ ደራርቱ። «ያም ባለሎሪ ሰኞ ነው ያለኝ።»

«የቱ ባለሎሪ?»

«ካቻምና በሬዬን የገጨው። ዋስ ጠራ፣ ዋሱም ወረቀት ላይ ፈረመ። ወረቀቱ አሁንም ቤቴ አለ። ሰውየው ነው የሌለው።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ኦቦ ባጫ እጃቸውን ሲያነሡ ዝም አለ። አሰብ አድርገው ፈረዱ፤

«ላሟ የምትገመተው ሰኞ ነው፤ ገማቾቹ ነገ አይቀመጡም። እስከዚያ መኪናውም ልጁም እዚህ ይቆያሉ። ነገ መሮጥ አለብኝ ካለ ዋስ ይጥራ። ዋሱ ደግሞ ወይዘሮ ደራርቱ የምታምነው ሰው ይሁን። ይኸ ነገር መኪና ነው፤ ወጣ ካለ ጎጃም ይገባል። ስለዚህ ልጁ ተመልሶ እዚህ እስኪቆም ድረስ ዋሱ ከዚህ ግቢ አይወጣም።»

«ሀዬ» አለች ወይዘሮ ደራርቱ። ተስማማች።

«እኔ እሆናለሁ» አለ ወንዳፍራሽ።

«አንተማ ባለመኪናው ነህ። ሰው ለራሱ ዋስ ይሆናል?»

«ባለሆቴሉስ?»

«ወተቴን ውሃ ነው ያለ ሰው? አልፈልገውም።»

«ነጋዴው አብዱሰመድስ? የተከበረ ሰው ነው።»

«የተከበረ ነው። ነገ ግን ሱቁን ዘግቶ እኔ ጋ አይቀመጥም፤ ዋስ የምለው እዚህ የሚቀመጠውን ነው።»

ወንዳፍራሽ ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ ማንን ታምኛለሽ? አንቺው ተናገሪ።»

ወይዘሮ ደራርቱ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አየች። ዓይኗ ከዳር የቆመው ገብረየስ ላይ አረፈ።

«ያንን» አለች። «ቀጄላ በሞተ ክረምት ወፍጮዬ ቆሞ ነበር። ይሄ ሰው በዚያ ዝናብ ከሰበታ ድረስ መጥቶ ሠራልኝ። ሲጨርስ አንዲት ብሎን ተርፋ ነበር፤ እሷን እንኳ ኪሱ አልከተታትም፣ በእጄ ሰጠኝ።»

ይኼን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ ኦቦ ባጫም ጭምር። የሰበታውን ሰው ለቡራዩ ዋስ መጥራት! ያልሳቁት ወንዳፍራሽና ገብረየስ ብቻ ነበሩ። ዳኜ የገብረየስን ክንድ ያዝ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ እንሂድ። የእኛ ጉዳይ አይደለም» አለው።

ገብረየስ አልሄደም። ወደ ፊትም አልመጣም። ከአጥሩ ጎን ተጠግቶ ቆመ። ዋስ ከሆነ ነገ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የሚውለው። ሌላ ጊዜ ጫንጮ መዞሪያው ላይ ቆሞ ለዳኜ በእጁ ምልክት የሚሰጠው እሱ ነበር፤ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ደረሰብህ። ዳኜ ያንን እጅ ካላየ በንዴት ይነዳል። በንዴት የነዳ ደግሞ ይቸኩላል። ዋስ ካልሆነ ግን ፔጆው እዚህ ጥድ ሥር ቆሞ ይውላል። ፊያቱ ይሮጣል፣ ምናልባትም ይቀድማል። ማንን? ገብረየስ እዚያ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ይቆምበታል።

ወንዳፍራሽ ወደ እሱ መጣ። አጠገቡ ቆሞ ለጥቂት ጊዜ አጥሩን አየ።

«ገብሬ።»

«አቤት።»

«አልለምንህም።»

«አትለምነኝ።»

«ልጁ ግን ከክረምት ጀምሮ ለዚህች ቀን ነው የለፋው።»

«የኔም ልጅ እንደዚያው ነው።»

ገብረየስ ጠየቀው፤

«‹የቆመ መኪና ቀደመ› እያሉ የሚያወሩት አንተ አስተምረሃቸው ነው?»

«እኔ አይደለሁም» አለ ወንዳፍራሽ። «መጀመሪያ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ነገ ደግሞ ‹የታሠረ መኪና ቀደመ› ትላለህ።»

«እላለሁ። ምን ልዋሽህ።»

ገብረየስ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ጋቢውን አስተካከለና ወደ ጥዱ ሄዶ ኦቦ ባጫ ፊት ቆመ።

«ለኢቲቻ ዋስ ነኝ» አለ። «ተመልሶ እስኪመጣ ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

ኦቦ ባጫ ወይዘሮ ደራርቱን አዩ። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ኢቲቻ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። መኪናውን አስነሥተው ወሰዱት። የፊት መብራቱ ተሰብሮ ነበር፤ ሌላው ደህና ነው።

ዳኜ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠበቀ።

«ጫንጮ ላይ ማን ሊያሳየኝ ነው ታዲያ?»

«ማንም። ራስህ ታያለህ።»

«እንድሸነፍ ይፈልጋሉ እንዴ ጋሼ?»

«እንድትቀድመው ነው የምፈልገው። እንድትቀድመው ደግሞ እሱም መሮጥ አለበት።»

ዳኜ ድንጋይ በእግሩ መታና ወደ ከተማው ወረደ።

ገብረየስ ከወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ድርቆሽ ተነጥፎለት አደረ። ጠዋት ወይዘሮ ደራርቱ ወተቷን አስጭና ስትመለስ፣

«አካም ቡልተኒ?» ብላ እንዴት እንዳደረ ጠየቀችው።

«ናጋ» አላት። ከኦሮምኛ የሚያውቀው ከዚያ ብዙም አይዘልም።

በርጩማ አውጥታ ከአጥሩ ሥር አስቀመጠችለት። መንገዱ ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ ግን አጥሩ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አይታይም። በሩን ከፍቶ መመልከት ይችል ነበር። ከግቢው አልወጣም ብሎ ቃል ሰጥቷል፤ በሩ ላይ መቆም መውጣት ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረም። ተወው።

ሰው ከማለዳው ጀምሮ መንገዱን ይዟል። ዛሬ ከብት የለም፤ ሁሉም ላሙን አስሯል። ከአጥሩ ወዲያ የሰበታ ሰዎችና የቡራዩ ሰዎች ሲበሻሸቁ ይሰማዋል።

«ቡራዩዎች፣ ዘንድሮ ላም ነው ወይስ መኪና የምትቀድሙት?»

«እናንተስ ጌታችሁን አሳስራችሁ መጣችሁ አይደል?»

«ጌታችን የታሠረው ለናንተ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጠው፤ በዋንጫው ውሃ እናጠጣዋለን።»

ከሱሉልታ በኩል የሞተር ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ።

መኪኖቹ ተራ በተራ አለፉ። ገብረየስ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ ነበር የሚሰማው። ከአስመራ የመጣው መኪና መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ፔጆው፣ ወዲያው ደግሞ ፊያቱ። እየተከተለው ነበር፣ ቅርብ።

«የትኛው ነው የርስዎ?» አለች ወይዘሮ ደራርቱ። በቅል እርጎ ትንጥ ነበር።

«አሁን ያለፈው።»

«እኔ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው የመሰለኝ።»

«ላሞችሽን በድምፅ አታውቂያቸውም?»

ቅሉን መወዝወዝ አቆመች። «አውቃቸው ነበር» አለች፣ «ያችኛዋም ደህና ድምፅ ነበራት።»

ገብረየስ ያለውን ወዲያው ጠላው። እሷም መናጧን ቀጠለች።

መኪኖቹ ጫንጮ ደርሰው እስኪመለሱ ረጅም ጊዜ ነው። ሰውም ወሬውን ቀጠለ። ገብረየስ በዚያን ጊዜ ውስጥ እጁን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ሲያነሣ ራሱን አገኘው፤ መዞሪያው ላይ ቆሞ የሚያሳየውን ምልክት። ሁለቱንም ጊዜ እጁን ጭኑ ላይ መልሶ አሳረፈ።

ከሜዳው ወዲያ የሚመጣውን ከማንም በፊት የሰማው እሱ ነው። ሁለት ሞተር፣ አንዱ በቀጭን አንዱ በወፍራም ድምፅ። የአስመራው የለም። እየቀረቡ ሲመጡ ለየው፤ ፊያቱ ፊት ነው። ዳኜ እየመራ ነው፤ ያለ እጅ፣ ያለ ምልክት። ገብረየስ ከበርጩማው ተነሣ።

ኩርባው ጋ ሲደርሱ ፊያቱ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወረደ። ልክ እንደታዘዘው። ፔጆው አልወረደም። ትናንት ላሟን የገጨው ሰው በዚያችው ኩርባ፣ በዚያው በሦስተኛ ማርሽ ገባ። ለአንድ አፍታ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ። ከዚያ ፔጆው ብቻውን ከፊት ወጣ፤ ፊያቱም ተከተለው። ሜዳው አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከተማው ነው። ሰው ሁሉ እየጮኸ ወደ መድረሻው ሮጠ።

ገብረየስ ተቀመጠ። ዳኜ የተነገረውን ነው ያደረገው፤ ስሕተቱ የትእዛዙ ነው።

ብዙም አልቆየም፤ ፔጆው ተመልሶ መጣ። ዋንጫ የሚሰጡት ሰዎች ገና መድረኩ ላይ ወንበር እያስተካከሉ ነበር። ኢቲቻ ግን ከመኪናው ሳይወርድ አዙሮ እዚሁ ነው የመጣው። ከኋላው ሕዝቡና ኦቦ ባጫ ተከትለዋል። ኢቲቻ በሩን ገፍቶ ገባ፤ ፊቱ ላይ የመንጃ መነጽሩ ከሸፈነው በቀር ያልቆሸሸ ቦታ የለም።

«ዋሴን ላወርድ መጣሁ» አለ።

ወይዘሮ ደራርቱ ቅሉን አስቀመጠች። «ተመለስክ?»

«ተመለስኩ።»

«ባለሎሪው አልተመለሰም» አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ እንደመናገር።

ኦቦ ባጫ፣ «ገብረየስ፣ ከዋስነቱ ወርደሃል» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

«ማን ቀደመ?» ሲል ጠየቀ ገብረየስ። ያውቀው ነበር፤ ከሰውየው አፍ መስማት ፈለገ።

«እኔ ነኝ። ግን እርስዎ እዚያ ቢኖሩ ኖሮ…»

«ግን አትጨምርበት» አለው። «ሮጠህ ነው የቀደምከው። እሱም ሮጦ ነው የተቀደመው።»

ሲናገረው አመመው። ባለፈው ዓመት ዋንጫውን ይዞ ሲገባ ከተሰማው ግን ይኼኛው ይሻላል። ይኼኛውን መስኮት ላይ አስቀምጦ ማንም ሲያልፍ ቢያየው አያፍርበትም።

ወይዘሮ ደራርቱ ወደ ኢቲቻ ዞረች። «ያ ኢልማ፣ ልጄ፣ ዋስህ ወረደ። አንተ ግን እስከ ሰኞ የኔ ነህ። ና፣ ተቀመጥ።»

ያች በርጩማ እዚያው ነበረች። ኢቲቻ ሳያንገራግር ተቀመጠባት። ወንዳፍራሽ ዋንጫውን ተቀብሎ እየተጋፋ ሲገባ ያሸነፈው ልጅ እርጎ የሚናጥበትን ቅል ይዞ አገኘው፤ እንዲወዘውዝ ታዟል። ወንዳፍራሽ ዋንጫውን የት እንደሚያኖረው ቸገረው። ገብረየስን አየ። አፉን ከፈተ። ገብረየስ ፌዙን ጠበቀ፤ ወንዳፍራሽ ግን አፉን መልሶ ዘጋና እጁን ዘረጋ። ገብረየስም ጨበጠው።

ገብረየስ ከግቢው ወጣ።

ዳኜ ፊያቱን መንገድ ዳር አቁሞ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ነበር። ጌታውን ሲያይ ቀና አለ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። መኪናው ውስጥ ገቡ። ዳኜ መንዳት አልፈለገም፤ ገብረየስ መሪውን ያዘ። እንጦጦን ወጥተው ወደ አዲስ አበባ መውረድ ጀመሩ።

«ኩርባዋን በሁለተኛ ግባ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለ ገብረየስ።

«አልረሳሁትም።»

«እንዳትረሳው።»

ዳኜ በመስኮቱ እያየ፣ «ጋሼ፣ እሱ ታሥሮ ቀርቶ ብቻዬን ብሮጥስ ምን ነበረበት?» አለ። «ዋንጫው የእኛ ነበር።»

ገብረየስ ትናንት ማታ በድርቆሹ ላይ ተጋድሞ ያሰበው ብዙ ነገር ነበር፤ አሁን አንዱም ለዚህ ልጅ የሚነገር አልመሰለውም።

«የኋላ ግራው ጎማ ይጮኻል» አለ። «በአጥሩ ሲያልፍ ሰምቼዋለሁ። ኩሽኔታው ሳይሆን አይቀርም።»

ዳኜ አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ።

«አዎ» አለ። «እኔም ከጫንጮ ጀምሮ እየሰማሁት ነበር።»

«ስንደርስ እንፈታዋለን» አለ ገብረየስ፤ ማርሽ ቀይሮ ወደ ሰበታ መንገድ ታጠፈ።